ከጅቡቲ እስከ ለገሃር፦ ባቡሩ ያድርባቸው የነበሩ ቤቶች ዳግም እንግዳ ያገኙ ይሆን?

በጅቡቲ ከተማ፣ ከወደቡ ብዙም ሳይርቅ የቆመው አሮጌው የባቡር ጣቢያ ዛሬ መንገደኛ አይሸኝም፤ አይቀበልምም። ወደ ኢትዮጵያ የሚጓዝ ሰው ሻንጣውን ይዞ የሚያመራው ከከተማዋ በስተደቡብ ወደሚገኘው አዲሱ የናጋድ ጣቢያ ነው። ከዚያ በኤሌክትሪክ በሚሠራ ባቡር ተሳፍሮ በአንድ ቀን አዲስ አበባ ዳርቻ መድረስ ይችላል።

በአሮጌው ጣቢያ ዘመን ግን ይኸው ጉዞ ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር። ባቡሩ ቀን ቀን ይሄዳል፤ ሲመሽ ይቆማል። ተሳፋሪው ወርዶ ራቱን ይበላል፤ አልጋ ፈልጎ ያድራል፤ ጎህ ሲቀድ ቁርሱን ቀምሶ ዳግም ይሳፈራል። የመጀመሪያው አዳር ድሬዳዋ፣ ሁለተኛው አዋሽ ነበር። ከባሕር ማዶ የመጣ መንገደኛ ደግሞ ባቡሩ የሚነሳበትን ቀን እየጠበቀ ጅቡቲ ላይ ያድራል።

ከዚህ የጉዞ ልማድ የተወለዱ ሆቴሎች፣ ቡፌዎችና አልቤርጎዎች በምሥራቅ አፍሪካ የዘመናዊ እንግዳ ተቀባይነት ታሪክ ውስጥ ትልቅ ቦታ አላቸው። ባቡሩ ማደሩን ሲተው ግን የቆሙበት ምክንያት አብሮ ጠፋ። በሌሎች አገሮች እንዲህ ያሉ አሮጌ ቤቶች ጥቂት ክፍሎችን ከቁርስ ጋር በማከራየት ሕይወታቸውን አራዝመዋል። በሐረር ግንብ ውስጥ ያሉ ቤተሰቦችም ይህንኑ እያደረጉ ነው። የባቡሩ ቤቶችስ?

በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ የኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲሆን ዓ.ም. ተብሎ ተመልክቷል።

ባቡሩ ለምን ያድር ነበር?

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ለስዊዘርላንዳዊው አማካሪያቸው ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር መስመር የመዘርጋት ፈቃድ የሰጡት በ1894 ነው። ሥራው ከጅቡቲ በ1897 ተጀምሮ በ1902 መገባደጃ ላይ ሐዲዱ ከሐረር ተራሮች ግርጌ ደረሰ።

የመጀመሪያው ሐሳብ ባቡሩን ሐረር ድረስ ማውጣት ነበር። ይሁን እንጂ ተራራውን መውጣት አስቸጋሪና ውድ ሆኖ በመገኘቱ መስመሩ በቆላው በኩል እንዲያልፍ ተወሰነ። በባቡሩ ማቆሚያ ዙሪያ የበቀለችው ከተማ በመጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ተብላ ነበር፤ ጸንቶ የቀረላት ስም ግን ድሬዳዋ ነው።

ሥራውን የጀመረው ኩባንያ በ1907 ከሰረ። ሌላ የፈረንሳይ ኩባንያ ተተክቶ ሥራውን ቀጠለና በ1917 ሐዲዱ አዲስ አበባ ገባ። የመስመሩ ርዝመት 784 ኪሎ ሜትር፣ በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት አንድ ሜትር ነበር። ዛሬም ድረስ በቸርችል ጎዳና ግርጌ የሚታየው የአዲስ አበባ ጣቢያ ሕንፃ የተመረቀው በ1929 ነው።

ባቡሩ ሌሊት እንዳይጓዝ ያደረጉት ምክንያቶች ብዙ ናቸው። መስመሩ ከባሕር ጠለል ተነስቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ወዳለው ደጋ ይወጣል፤ በእንፋሎት ለሚሠራ ሞተር ይህ ቀላል ዳገት አልነበረም። ድንገተኛ ጎርፍ ሐዲዱን ጠርጎ ይወስድ ነበር። ግመልና ከብት በመስመሩ ላይ ይቆማሉ። በረሃውን ሲያቋርጡ የጸጥታ ስጋትም ነበር። እነዚህን ሁሉ በጨለማ ከመጋፈጥ ማደር ይሻላል ተባለ።

ሦስቱ ማደሪያዎች

የጅቡቲ አሮጌ ማዕከል የተገነባው ከባሕር በሚወጣ የዛጎል ድንጋይ ነው። ወፍራም ግድግዳዎቹና በረንዳቸውን የከበቡት ቅስቶች ለጌጥ ብቻ የተሠሩ አይደሉም፤ ጥላና ነፋስ እንዲኖር ታስቦ ነው። የዚህ ሰፈር እምብርት የሆነው አደባባይ ለብዙ ዘመን የሚጠራው በምኒልክ ስም ነበር። አገሪቱ ነጻ ከወጣች በኋላ ሰኔ 27 ቀን 1977 የተባለውን የነጻነቷን ዕለት ስም ይዟል፤ ቢሆንም ብዙ ሰው ዛሬም «ምኒልክ አደባባይ» ይለዋል።

እንግሊዛዊው ደራሲ ኤቭሊን ዋው በ1930 የአፄ ኃይለ ሥላሴን የንግሥ በዓል ለመዘገብ ሲመጣ ጅቡቲ ላይ ያረፈው አርካድ በተባለ ሆቴል ነበር። በቅስት ያጌጠው የሆቴሉ ፊት ቃል የገባውን ምቾት ውስጡ እንዳላገኘው በጉዞ መጽሐፉ ጽፏል። ከበዓሉ ሲመለስም ባቡርና መርከብ እየጠበቀ ያሳለፋቸውን አሰልቺ ቀናት በምሬትና በቀልድ አስፍሯል። የዋው ዕይታ ንቀት አይለየውም፤ ሆኖም በዚያ ዘመን መንገደኛ የት ይተኛ፣ ምን ይበላ እንደነበር ከሚነግሩን ጥቂት የጽሑፍ ምስክሮች አንዱ ነው።

ከጅቡቲ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ድሬዳዋ የደረሰ ተሳፋሪ ከባሕሩ ዳርቻ ወበቅ ትንሽ ይገላገላል። ከተማዋ በደቻቱ ወንዝ ለሁለት የተከፈለች ናት። በአንድ ወገን መጋላ፣ ገበያውና ጠባብ መንገዶቹ አሉ። በሌላው ወገን የባቡር ኩባንያው መሐንዲሶች ቀጥ ባሉ ጎዳናዎችና በዛፍ ጥላ የቀየሱት ከዚራ ይገኛል። ጣቢያው፣ የጥገና ሥፍራው፣ የሠራተኞቹ መኖሪያዎችና ለመንገደኛ የተከፈቱ ሆቴሎች ሁሉ በዚህ ዙሪያ ተሰባስበው ነበር። ግሪኮችና አርመኖች በግንባታውም ሆነ በሆቴል ሥራው ጉልህ ድርሻ ነበራቸው፤ ዋው ድሬዳዋ ላይ ያደረበትም ቦሎላኮስ የሚባል የግሪክ ሆቴል ነበር።

ሁለተኛው አዳር አዋሽ ነው፤ ዛሬ አዋሽ ሰባት የምንላት ከተማ። እዚህ ሆቴል የተከፈተው ከተማ ስለነበረ አልነበረም፤ ይልቁንም ከተማው የበቀለው ባቡሩ በማደሩ ነው። ከሐዲዱ አጠገብ የተሠራው የአዋሽ ቡፌ፣ በረንዳውና የቡጋንቪላ አበባ ያለበሰው ግቢው ለረጅም ዓመታት እንግዳ ሲቀበል ኖሯል። አሳሹ ዊልፍሬድ ቴሲገር የአዋሽን ወንዝ ፍጻሜ ፍለጋ በ1933 መገባደጃ በግመል የተነሳው ከዚሁ ጣቢያ ነበር። ከወራት በኋላ ጉዞውን የጨረሰው በታጁራ ባሕር ዳርቻ፣ ባቡሩ በሚነሳባት አገር ነው።

አልጋው ለማን ነበር?

የባቡሩ ማደሪያዎች ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው በአንደኛ ማዕረግ ተሳፋሪ አንደበት ነው። ነጭ አንሶላና የፈረንሳይ ራት ለዚያ ተሳፋሪ የተዘጋጁ ነበሩ። በሦስተኛ ማዕረግ የሚጓዘው ነጋዴ፣ ወዛደርና ተማሪ ወይ ዘመድ ቤት ይገባል፤ ወይ በርካሽ አልጋ ያድራል፤ ወይም ዕቃውን ተንተርሶ እዚያው ጣቢያው ላይ ያሸልባል።

ከዚህም ልዩ ልዩ ዓይነት ማደሪያ በቀለ። ስሞቻቸው ዛሬም በቋንቋችን ይኖራሉ። «ለገሃር» ከፈረንሳይኛው የባቡር ጣቢያ መጠሪያ የመጣ ነው። «ቡፌ» መጀመሪያ በጣቢያው ውስጥ ለተሳፋሪ ምግብና መጠጥ የሚቀርብበት ቤት ነበር፤ በአዲስ አበባ ቡፌ ደ ላ ጋር በኋላ በምሽት ሙዚቃው የታወቀ ስም ሆኗል። «አልቤርጎ» ጣልያንኛ ነው፤ በየከተማው ተራ አልጋ ቤት ማለት ሆኖ ቀረ። «ፔንሲዮን»ም እንዲሁ ከአውሮፓ ቋንቋ ገብቶ መለስተኛ ማደሪያን መጥሪያ ሆነ።

ቃሎቹ ከውጭ ቢመጡም ልማዱ ግን እንግዳ አልነበረም። «የመሸበት መንገደኛ ነኝ፤ አሳድሩኝ» ብሎ በማያውቁት ደጅ መቆም በኢትዮጵያ ገጠር የቆየ ወግ ነው። ለእግዜር እንግዳ መደብ ይለቀቅለታል፤ ካለው ይቀርብለታል፤ ማለዳ በምርቃት ይሸኛል። ባቡሩ ያመጣው አዲስ ነገር ለአዳር ዋጋ መተመኑ ነበር።

ማደሪያዎቹ ለምን እንግዳ አጡ?

ለውጡ በአንድ ሌሊት አልመጣም። ከ1950ዎቹ ጀምሮ የናፍታ ሞተሮች እንፋሎቱን ሲተኩ ባቡሩ ፈጠነ፤ የግድ ማደርም ቀረ። አውሮፕላን ባለጸጋውን ተሳፋሪ ወሰደ። የአስፋልት መንገድ ጭነቱን ተሻማ። በ1977 የተቀሰቀሰው የሶማሊያና የኢትዮጵያ ጦርነት ድልድዮችን ሰብሮ መስመሩን ለወራት አቋረጠው።

በ1981 መስመሩ የኢትዮጵያና የጅቡቲ መንግሥታት የጋራ ድርጅት ሆነ። በጥር 1985 አዋሽ አቅራቢያ አንድ የመንገደኞች ባቡር ከሐዲዱ ወጥቶ ከ400 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ በአፍሪካ ከደረሱት አስከፊ የባቡር አደጋዎች አንዱ ነው። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ያረጀው ሐዲድና የመለዋወጫ እጥረት አገልግሎቱን እያመነመኑት ሄዱ። በ2000ዎቹ መገባደጃ ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ ያለው ክፍል ጸጥ አለ።

አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በጥቅምት 2016 አዲስ አበባ ላይ፣ በጥር 2017 ደግሞ ጅቡቲ ላይ ተመረቀ፤ መደበኛ አገልግሎት የጀመረው በ2018 መባቻ ነው። ርዝመቱ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ለንግዱ ትልቅ እፎይታ ቢሆንም ለአሮጌዎቹ ማደሪያዎች ግን ሁለት ነገር ይዞባቸው መጣ። አንደኛ፣ ተሳፋሪው በመንገድ አያድርም። ሁለተኛ፣ አዲሶቹ ጣቢያዎች በአብዛኛው ከከተሞቹ መሃል ርቀው የተሠሩ ናቸው። የድሮው ተሳፋሪ ከባቡሩ ወርዶ በእግሩ ወደ ቡፌው ይገባ ነበር፤ የዛሬው መኪና ካልያዘ ከተማውን እንኳ አያየውም።

በሌላ አነጋገር የባቡሩ ማደሪያዎች ለአንድ ምዕተ ዓመት ገደማ የኖሩት መንገደኛው ማደር ግድ ስለሆነበት ነው። ከእንግዲህ ሊኖሩ የሚችሉት ማደር የሚፈልግ ሲያገኙ ብቻ ነው። ግድ ከነበረ ወደ ፈቃድ መሸጋገር ደግሞ ራሱን የቻለ ሥራ ነው።

ሌሎች ይህን እንዴት ተወጡት?

ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም። በብሪታኒያ በ1963 የወጣ አንድ የመንግሥት ሪፖርት ከ2,300 በላይ የባቡር ጣቢያዎች እንዲዘጉ ሐሳብ አቀረበ። ብዙዎቹ ፈረሱ። አንዳንዶቹ ግን መኖሪያ ቤት፣ ሻይ ቤት ወይም ጥቂት ክፍል ያለው ማደሪያ ሆኑ። በደቡብ እንግሊዝ ገጠር የሚገኘው የፔትወርዝ ጣቢያ መንገደኛ ማስተናገዱን ያቆመው በ1955 ነበር። ዛሬ እንግዶች በአሮጌው ጣቢያ ቁርስ ይበላሉ፤ ከጎኑ በቆሙ የድሮ ፑልማን ፉርጎዎች ውስጥ ይተኛሉ። ባቡር የማያልፍበት ጣቢያ ራሱ መድረሻ ሆነ ማለት ነው።

ፈረንሳይ ሌላ መንገድ ያዘች። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ገጠሩ ሰው እያጣ ሲሄድ ባለ እርሻዎች አሮጌ ቤታቸውን አድሰው እንግዳ እንዲቀበሉ ተበረታቱ፤ ይህን የሚያስተባብር ማኅበር በ1955 ተቋቋመ። ዛሬ የአገሪቱ ሕግ በቤተሰብ ቤት የሚሰጥ የአልጋና ቁርስ አገልግሎትን ከአምስት ክፍልና ከ15 እንግዳ እንዳይበልጥ ይወስናል። ከዚያ ካለፈ ሆቴል ነው፤ የሆቴል ግዴታም ይከተለዋል። ወሰኑ ትንሹን ቤት ከትልቅ ሆቴል ሸክም ይጠብቀዋል።

ስፔን ደግሞ ሥራውን ለመንግሥት ሰጠች። የመጀመሪያው ፓራዶር በ1928 በግሬዶስ ተራሮች ተከፈተ። ዛሬ ከ90 በላይ የሆኑት እነዚህ ሆቴሎች ብዙዎቹ በጥንታዊ ግንቦች፣ ገዳማትና ቤተ መንግሥቶች ውስጥ ይገኛሉ። አንድ ቤተሰብ ሊያድሰው የማይችለውን ግንብ መንግሥት ያድሳል፤ ከአዳሪው የሚገኘው ገቢ ለእንክብካቤው ይረዳል።

ሦስቱ መንገዶች ቢለያዩም የሚያመሳስላቸው አንድ ነገር አለ። በእያንዳንዱ ቤት፣ ግለሰብም ሆነ መንግሥት፣ «ጣሪያው ቢያፈስ የሚጠየቀው ማን ነው?» ለሚለው ጥያቄ ግልጽ መልስ አለ።

ሐረር፦ የቤተሰብ ቤት ለእንግዳ ሲከፈት

ከድሬዳዋ ወደ ሐረር የሚወስደው መንገድ ባቡሩ ሊወጣው ያልቻለውን ተራራ ይወጣል። የሐረር ጁገል በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በግንቡ ውስጥ የተወሰኑ ቤተሰቦች ባህላዊ ቤታቸውን ለእንግዳ ከፍተዋል፤ በኢትዮጵያ ታሪካዊ ቤት በአልጋና ቁርስ ሲሠራበት በግልጽ የሚታየው እዚህ ነው።

የሐረሪ ቤት፣ በቋንቋው «ጌይ ጋር»፣ ከውጭ ሲታይ ድምፅ የማያሰማ ግድግዳ ነው። በሩን አልፈው ግቢውን ተሻግረው ሲገቡ ግን በቀይ አፈር የተለቀለቁ፣ ምንጣፍ የተነጠፈባቸው፣ ከፍና ዝቅ ያሉ መደቦች ይጠብቁዎታል። «ነደባ» ይባላሉ፤ ቁጥራቸው አምስት ነው። አሚር ነደባ የቤቱ ጌታ ወይም የክብር እንግዳ የሚቀመጥበት ነው፤ ሌሎቹም በዕድሜ፣ በክብርና በቅርበት ይመደባሉ። ግድግዳው በስፌትና በሳህን ያሸበረቀ ነው። ከጎን ያለችው ትንሽ ክፍል፣ ኪርታት፣ በልማድ የአዲስ ሙሽሮች ናት። ከበሩ በላይ የተጠቀለለ ምንጣፍ ከታየ ቤቱ ለጋብቻ የደረሰች ልጅ አለችው ይባላል።

በእንዲህ ያለ ቤት የሚያድር ሰው ከሆቴል የሚለየውን ወዲያው ያስተውላል። ክፍሎቹ ጥቂት ናቸው። መታጠቢያው ብዙ ጊዜ የጋራ ነው። ግቢው የቤተሰቡ ግቢ ነው፤ ሕፃናት ይጫወቱበታል፤ ጎረቤት ይገባ ይወጣል። ቁርሱ እንቁላል ያለው ፈጢራ ከማር ጋር፣ ወይም ከቡና ገለባ በወተት የሚፈላው ሆጃ ሊሆን ይችላል።

ጥቅሙ ለአዳሪው ብቻ አይደለም። የሐረሪ ቤት በየጊዜው መለቅለቅ፣ ጣሪያው መታየት፣ እንጨቱ መለወጥ አለበት። ከእንግዳው የሚገኘው ገንዘብ ይህን ለማድረግ አቅም ይሆናል። ከዚያም በላይ ቤቱን አፍርሶ በብሎኬት ለመተካት ያሰበ ወራሽ አሮጌው ቤት ገቢ እንዳለው ሲያይ ሐሳቡን ደግሞ ያስባል።

ከግንብ ቤት ውጪ

ታሪካዊ ማደሪያ የግድ የድንጋይ ቤት መሆን የለበትም። በጅቡቲ ገጠር፣ በዳይ ጫካ አካባቢና በአቤ ሐይቅ ዳርቻ፣ የአፋር ማኅበረሰብ አባላት በሚያስተዳድሯቸው ሰፈሮች እንግዶች ዳቦይታ ውስጥ ያድራሉ። ዳቦይታ ከቀጭን እንጨት ቅስትና ከሰሌን የሚሠራ፣ ተነቅሎ በግመል የሚጫን የአርብቶ አደር ቤት ነው። ዕድሜ ያለው ሰሌኑ ሳይሆን የአሠራሩ ዕውቀት ነው፤ በተለይ የሴቶቹ።

በአማራ ክልል በላስታና በመቄት ከ2000ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ ተስፋ በተባለው የማኅበረሰብ ቱሪዝም ሥራ ገበሬዎች በገደል አፋፍ ላይ በአካባቢው አሠራር ጎጆዎች ሠርተው ተጓዥ ሲያስተናግዱ ቆይተዋል። ማደሪያው የግለሰብ ሳይሆን የመንደሩ ነው፤ ገቢውም እንዲሁ።

እነዚህ ሥራዎች የአንድን ነገር አደገኛነትም አሳይተዋል። በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ የጀመረው የሰሜኑ ጦርነት፣ ከ2023 ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል የቀጠለው ግጭት መንገደኛውን አስቀርተዋል። ሆቴል ሠራተኛ ቀንሶ ሊቆይ ይችላል። በሦስት ክፍል የሚተዳደር ቤተሰብ ግን እንግዳ ሲቀር ከሚቀንሰው ሠራተኛ ይልቅ የሚቀንሰው ማዕዱን ነው። ስለዚህ ባለሙያዎች የእንግዳ ማረፊያ ለገጠር ቤተሰብ ተጨማሪ ገቢ እንጂ ብቸኛ መተዳደሪያ እንዳይሆን ይመክራሉ።

የባቡሩ ቤቶች እንቅፋት ምንድን ነው?

ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ ያሉት የባቡር ቤቶች ለማደሪያነት የሚያስፈልገው መልክና ታሪክ አላቸው። የጎደላቸው በአብዛኛው ያ «ተጠያቂው ማን ነው?» የሚለው ጥያቄ መልስ ነው።

የመጀመሪያው ምክንያት ባለቤትነት ነው። ጣቢያዎቹና ቡፌዎቹ የፈረንሳይ ኩባንያ፣ ቀጥሎም የሁለት መንግሥታት የጋራ ድርጅት ንብረት ነበሩ። ድርጅቱ ሥራውን ሲያቆም ሕንፃዎቹ የመሥሪያ ቤት ንብረት ሆነው ቀሩ። በባቡር ሥራ ላይ ያተኮረ መሥሪያ ቤት አሥር ክፍል ያለው አሮጌ ሆቴል መንከባከብን ዋና ሥራው ሊያደርገው አይችልም።

በከተሞቹ ያሉ የግል ቤቶችም ሌላ ታሪክ አላቸው። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በመንግሥት ሲወረስ የድሬዳዋና የአዲስ አበባ ብዙ አሮጌ ቤቶች የቀበሌ ወይም የኪራይ ቤቶች ሆኑ። ተከራዩ ቤቱን በራሱ ገንዘብ ቢያድሰው ነገ የእሱ መሆኑን እርግጠኛ አይደለም። አከራዩ መንግሥት ደግሞ ከሚሰበስበው አነስተኛ ኪራይ ጣሪያ መቀየር አይችልም። የሐረር ቤተሰቦች የተሳካላቸው አንዱ ምክንያት ከአያት የወረሱት ቤት በእጃቸው መቆየቱ ነው።

ሁለተኛው ሕጉ ነው። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ዓ.ም. ቅርስ በእጁ ያለ ሰው በራሱ ወጪ እንዲጠብቀው ያስገድዳል፤ ለማደስም ከሚመለከተው ባለሥልጣን ፈቃድ እንዲያገኝ ይጠይቃል። ዓላማው ተገቢ ነው፤ ያለ ዕውቀት የሚደረግ እድሳት ከመፍረስ የማይተናነስ ጉዳት ያደርሳልና። ነገር ግን ግዴታው ከገቢ ጋር ካልተያያዘ ባለቤቱ ቤቱ «ቅርስ» ተብሎ እንዳይመዘገብ መሸሽ ይጀምራል።

ሦስተኛው ደኅንነት ነው። እቴጌ ጣይቱ ያስከፈቱት፣ በኢትዮጵያ የመጀመሪያው ዘመናዊ ሆቴል የሚባለው ጣይቱ ሆቴል በጥር 2015 በደረሰበት የእሳት ቃጠሎ ክፉኛ ተጎድቷል። ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ የእንጨት ወለልና ዘመናዊ የኤሌክትሪክ መስመር አንድ ላይ ሲኖሩ ጥንቃቄው እጥፍ መሆን አለበት። ሆቴሉ ዛሬም ስሙን ይዞ እንግዳ መቀበሉ ግን ሰዎች ለእንዲህ ያለ ቤት ያላቸውን ፍቅር ያሳያል።

በታሪካዊ ቤት ማደር ለሚሻ

በዚህ መስመር ላይ እንዲህ ያለ ጉዞ ለማድረግ ለሚያስብ አንባቢ ጥቂት ነጥቦች ይጠቅማሉ።

ወቅቱን ይምረጡ። በጅቡቲ ከግንቦት እስከ መስከረም ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል፤ አሮጌ ቤት የሚያስደስተው ከጥቅምት እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ነው።

ከመሄድዎ በፊት ይጠይቁ። ቁርስ በዋጋው ውስጥ አለ? መታጠቢያው የጋራ ነው? ውሃና መብራት ሲቋረጥ ምን ይደረጋል? ክፍሉ ማምለጫ በር ወይም መስኮት አለው? እነዚህን መጠየቅ ነውር አይደለም። በአካባቢው ያለውን የጸጥታ ሁኔታም በዕለቱ ያጣሩ።

የቤቱን ሥርዓት ያክብሩ። በሐረሪ ቤት ጫማ በደጅ ይወልቃል፤ በየትኛው ነደባ ላይ እንደሚቀመጡ የሚያመለክትዎ አስተናጋጁ ነው። በረመዳን የቁርስ ሰዓትና ቦታ ሊለይ ይችላል። ፎቶ ከማንሳትዎ በፊት ያስፈቅዱ፤ የሚያድሩት የሰው ጓዳ ውስጥ ነውና።

ከቻሉ አንድ ሌሊት ይጨምሩ። ለትልቅ ሆቴል የአንድ ሌሊት ልዩነት ከቁጥር አያልፍም። ለአራት ክፍል ቤት ግን ለውጥ ያመጣል። ድሬዳዋ ላይ የተረፈው ጊዜ አሮጌውን ጣቢያና የጥገና ሥፍራውን አስፈቅዶ ለማየት ይበቃል፤ በከዚራ ዛፎች ሥር በእግር መዘዋወር ደግሞ ክፍያ የለውም።

ቀጣዩ ጥያቄ

በአዲስ አበባ የለገሃር አካባቢ በትልቅ የከተማ ልማት ውስጥ ገብቷል፤ አሮጌው የጣቢያ ሕንፃም ተጠብቆ እንዲቆይ ታቅዷል። ይህ ለሕንፃው መልካም ዜና ነው። ይሁንና ጣቢያ ብቻውን የባቡሩን ዘመን አይነግርም። የጉዞው ሌሊቶች የነበሩት በድሬዳዋ ሆቴሎች፣ በአዋሽ በረንዳ፣ በጅቡቲ ቅስቶች ሥር ነው።

እነዚህን ሁሉ ሙዚየም ማድረግ አይቻልም፤ አያስፈልግምም። ለማደሪያነት የተሠራን ቤት ከሁሉ በላይ የሚጠብቀው ሰው ሲያድርበት ነው። ጠዋት መስኮቱ የሚከፈት፣ ማድቤቱ የሚጨስ፣ የተሰነጠቀ ግድግዳው በጊዜ የሚታይ ቤት ይቆያል። ለዚህ የሚያስፈልጉት ነገሮች ብዙ አይደሉም፦ ኃላፊነቱን የሚወስድ ግልጽ ባለቤት፣ ለአነስተኛ ማደሪያ የሚስማማ ሕግ፣ ከአዲሶቹ ጣቢያዎች ወደ አሮጌዎቹ ከተሞች የሚያደርስ ትራንስፖርት፣ ከዚያም ፈልጎ የሚያድር እንግዳ።

አዲሱ ባቡር ከናጋድ ሲነሳ በአሮጌው መስመር የነበሩትን የከተማ ስሞች ጥቂቶቹን ዛሬም ይጠራል፦ አሊ ሳቢህ፣ ድሬዳዋ፣ ሜኢሶ፣ አዳማ። ተሳፋሪው በእነዚህ ስሞች ወርዶ እንዲያድር የሚያደርገው ምክንያት ከእንግዲህ በባቡሩ የጊዜ ሰሌዳ ውስጥ አይገኝም። ያን ምክንያት መፍጠር የከተሞቹ ሥራ ነው።